«ጎበዝ» ያሉኝ ሁሉ አልሞከሩትም

ሰኞ
ተመለሰብኝ! ሦስት ሳምንት የለፋሁበት የአማርኛ የጀማሪዎች መመሪያ። መመሪያው የሚያስተምረው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዲስ ቨርዥን ስለወጣለት አሮጌው ገጽ ላይ ያሉት ትእዛዞች ግማሾቹ አይሠሩም፤ ያደስኩት እኔ ነኝ። በኢንተርኔት ብቻ የማውቀው የቋንቋው ድረ ገጽ ገምጋሚ ምን አለ? ኮድ ጽፎ የማያውቅ አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሞክረው፤ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ የአማርኛውን ገጽ እናነሳዋለን።

አንድ ሰው! ካናል ዊንቸስተር የሚባለው ከተማ ከገባን ወዲህ የማወራው ከማይክሮዌቩ ጋር ነው። የድሮ ጓደኞቼ ግሩፕ ላይ የመጨረሻው ቴክስት የኔ ነው። ከሱ በፊት ያሉት ሦስቱም የኔ ናቸው።

ማክሰኞ
አባዬን ግሮቭፖርት ከሚሠራበት መጋዘን እንደገባ ያዝኩት። መነጽሩን አደረገ፣ እስከ ታች ስክሮል አደረገ፣ «ገባኝ» አለ።
«አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክም እኮ!»
«አነበብኩት አይደል እንዴ?»
ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ መነጽሩን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ጫማውን አወለቅኩለት።

ረቡዕ
ከቸርች ጸሎት በኋላ ጋሼ ታደለን ለመንኳቸው። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ይህንንም በየሦስት ደቂቃው ያስታውሱናል። ስልኩን ክንዳቸው እስከሚችለው አርቀው አዩትና «ተባረኪ! ጎበዝ!» አሉ። ለቸርቹ ግሩፕ ፎርዋርድ አደረጉት።

አሜን፣ አሜን፣ የሚጸልይ እጅ፣ አሜን። ጥያቄ ግን የለም። የኛ ትልልቅ ሰዎች ስህተትሽን አይነግሩሽም፣ ይመርቁሻል።

ሐሙስ
የሞከሩ ሰዎች፦ ማንም የለም።
የመረቁኝ፦ ሁሉም።
ቤቱ ጭር ብሏል። አለቀስኩ። ትንሽ ነው።

ዓርብ
እትዬ ውብነሽ ኮል አደረጉኝ። አረጋውያን የሚንከባከቡት፣ ቸርች ከኋላ የሚቀመጡት። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ፤ ድመት ቢኖረን ስለ እሷም ይጠይቁ ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«የኔ ልጅ፣ እንዳትቀየሚኝ። ከረቡዕ ጀምሬ እየሞከርኩ ነው። ፋይሉ የለም ይለኛል። የልጄን ላፕቶፕ አበላሸሁት መሰለኝ።»
ዘለልኩ። ፋይሉ የት ፎልደር ውስጥ ሴቭ እንደሚደረግ አልጻፍኩም! ሦስት ሳምንት አላየሁትም!
«እትዬ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»
«ለፍተሽበት እንዴት ብዬ? ሰው ሁሉ አሜን ብሎ!»
ስልኩን ሳንዘጋ አብረን አስተካከልነው። የጻፉት ኮድ ሠርቶ ስክሪኑ ላይ ስማቸው ሲወጣ እልል አሉ፤ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

ቅዳሜ
ጠዋት እርማቱን ላክሁ። «የሞከረችው፦ አንዲት ጀማሪ፣ እስከ መጨረሻው» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን መልስ የለም። በየአምስት ደቂቃው ሪፍሬሽ አደርጋለሁ።

እትዬ ውብነሽ ግን ሦስት ጊዜ ደወሉ። ሁለቱ ስለ ኮድ ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይም ስህተት አገኙብኝ፣ አሁን ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው ምሳ በልቼ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። አልበላሁም አልኳቸው።

ላፕቶፑን ይዘው እየመጡ ነው።