እየጎላ የመጣው ምልክት

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ አንቴና» በመባል የሚታወቁት አባታችን፣ ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1951 ዓ.ም.፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። በ1975 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና በማዕረግ ተመረቁ። በ1985 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ማማ ሲተክሉ ከቆዩ በኋላ በሕክምና መሣሪያዎች ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። እዚያ ይሠሩ የነበረው፣ በሽተኛ በሚውጣት፣ ባቄላ በምታህል እንክብል ላይ ነበር። የሆድ ዕቃን ሙቀትና አሲድ እየለካች፣ ወገብ ላይ ወደሚታሰር መቀበያ በሬዲዮ ሞገድ ትልካለች። ችግሩ መላኩ ላይ ነው። ሰውነት ጨዋማ ውሃ ስለሆነ ሞገዱን ያደክመዋል፤ ሆዱ በገፋ ሰው ደግሞ ምልክቱ መቀበያው ጋ ሳይደርስ ይጠፋል። ስለዚህ አባታችን እንክብሏን በየወሩ ራሳቸው ይውጡ ነበር። «የኔን ቦርጭ አልፎ የተሰማ የማንንም ቦርጭ ያልፋል» ይሉ ነበር፤ እውነትም በቦርጭ የሚስተካከላቸው አልነበረም።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. አዲስ አንቴና ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ምልክቱ በየወሩ እየጎላ ሄደ፤ ባልደረቦቻቸውም ኬክ ቆረሱላቸው። የምልክቱን ግራፍ በየወሩ የሳለችላቸው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ልጃቸው ናት። አንቴናው ከመስከረም በኋላ አልተነካም፤ መስመሩ ግን መውጣቱን አላቆመም። ምን ተለወጠ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ይህንኑ መጠየቅ ቢሆንም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ባለቤታቸው ግን «እኔ ሱሪህን ለሦስተኛ ጊዜ እያጠበብኩ ነው፣ አንተ ምልክቱ ጎላ ትለኛለህ፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ እንጂ» ብለዋቸው ነበር። አባታችን «ሪፖርቱን ላስረክብና» አሉ። በሰኔ አስረከቡ። በሐምሌ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ፤ ጊዜው አልፎ ነበር። እንክብሏ ሙቀትና አሲድ እንጂ ዕጢ አትለካም።

ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የባለቤታቸውን የልኬት ደብተር አስመጡ። ባለቤታቸው ሱሪውን ባጠበቡ ቁጥር ቀኑንና የወገቡን ልክ ጽፈዋል። አባታችን ልጃቸውን ቁጥሮቹን ከግራፉ ሥር እንድታስገባ አዘዟት። ወገባቸው በቀነሰ ቁጥር ምልክቱ ጨምሯል። ወረቀቱን ብዙ ካዩት በኋላ ያስረከቡትን ሪፖርት ከቤተ ሙከራው መልሰው አስመጥተው በመጨረሻው ገጽ ላይ «አንቴናው አልተሻለም። የከሳሁት እኔ ነኝ። የሚውጠው ሰው በየጊዜው ይመዘን» ብለው ጽፈው ፈረሙ። አሁን በቤተ ሙከራው ከመቀበያው አጠገብ ሚዛን ተቀምጧል።

አባታችን ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንዲት ታላቅ እህታቸው በሕይወት አሉ። ደካማ ድምፅ የማያመልጠው ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ እኛ አጠገባቸው ሆነን ያመለጠንን ይቅር ይበለን።