በቀን አራት በር እሠራለሁ ያልኩት እኔ ነኝ

እሺ፣ በገዛ አፌ ነው የተናገርኩት! መስኮት ቁጥር ሰባት ላይ የሚቀመጡት ሠራተኛዎ ሰኞ ዕለት ፋይሌን ዘግተው «በገዛ አፍህ ተናግረህ ማን ላይ ልታለቅስ ነው?» አሉኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ገፍቶ አስወጥቶኛልና፣ መልሱን ለበላያቸው ለርስዎ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ለተከበሩ የከተማችን ግብር ሰብሳቢ ቢሮ ኃላፊ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎ ይመችዎት፣ ማራገቢያዎ አይጥፋብዎት፣ ደረጃውን ሲወጡ ጉልበትዎን አይመምዎት። እኔም ባለሁበት ደህና ነኝ እንዳልል፣ ያለሁት በታሸገው ሱቄ ደጃፍ ላይ ነው።

ካላወቁኝ ይወቁኝ። በያጅ ነኝ፤ የብረት በር እሠራለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ እጄ ግን አልቆመም። በመጣሁበት ከተማ የኔን በር ያስገጠመ ሰው ዞሮ ሌላ በር አያይም። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው። ወደ እናንተ ከተማ የመጣሁት ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ማለቴ ነበረች፣ ለሱቁ ቅድሚያ ኪራይ ብላ የስፌት መኪናዋን ሸጠችልኝ። በሦስት ወር የተሻለች እገዛልሻለሁ አልኳት። አሁን ስምንተኛ ወራችን ነው።

ደግሞ ዝም ብለን አልመጣንም። የድሮው ከተማ ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የርስዎ ቢሮ ያስበተነውን ወረቀት ያመጣልን እሱ ነው። «ወደ ከተማችን ይምጡ፣ ግብራችን ከሌላው በግማሽ ያንሳል» ይላል፤ የሚስቅ ሰው ፎቶም አለበት። እኔና እህቴ አንድ ላሜራ ግድግዳ ላይ አስደግፈን በጠመኔ ለሁለት ከፈልነው። በግራ የድሮውን፣ በቀኝ የርስዎን ከተማ ጻፍን፤ ኪራይ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ዳቦ፣ አውቶቡስ፣ ግብር። በኪራይ እናንተ ትብሳላችሁ፤ ግብሩ ላይ ግን አሸነፋችሁ። እህቴ ጠመኔውን እንደያዘች «ያልጻፍነው ነገር ያለ ይመስለኛል» ብላ ከላይ እስከ ታች ደግማ ማንበብ ጀመረች። ጠመኔውን ከእጇ የነጠቅኳት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ውሃ። ላሜራው ላይ «ርካሽ» ብለን ነበር የጻፍነው። እውነትም ርካሽ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሚመጣ ውሃ ማን ብዙ ይጠይቃል? የቀረውን ስድስት ቀን በጀሪካን እንገዛለን። ላሜራው ላይ ለጀሪካን ቦታ አለመተዋችን የኛ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ።

ሁለተኛ፣ ስለ ታፔላ። ለታፔላ በሜትር እንደሚከፈል ያ የሚስቀው ሰውዬ አልነገረንም። እኔ ደግሞ «የበር ንጉሥ» የሚል፣ ከማዶ መንገድ የሚነበብ፣ ከሱቁ የሚሰፋ ታፔላ ሰቅያለሁ። ንጉሥ መሆን በሜትር እንደሚለካ ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ነው ዋናው። በመጣን በሁለተኛው ወር አንድ ቦርሳ የያዙ ሰውዬና መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ሱቄ መጡ። ማን እንደሆኑ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ከማዶ ባለ አምስት ፎቅ እየተሠራ ስለነበር የህንጻው ሰዎች ናቸው፣ ስልሳ በር ሊያዙኝ ነው ብዬ ልቤ እብጥ አለ። ወንበር ጠረግኩላቸው፣ ለስላሳ አስመጣሁላቸው። «በቀን ስንት በር ታወጣለህ?» አሉኝ። «አራት! ከቸኮላችሁ አምስት!» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ሠራተኛስ?» ሲሉኝ፣ ጥላው ሥር ካርታ የሚጫወቱትን የሰፈር ሥራ ፈቶች አሳየኋቸውና «እነዚህ ሁሉ የኔ ልጆች ናቸው፣ አሥራ አንድ ናቸው» አልኩ። እህቴ ከኋላ ሸሚዜን ትጎትታለች፣ እኔ እጇን አስለቅቃለሁ። ሴትዮዋ «ጎበዝ ልጅ ነህ» እያሉ ጻፉ። ሲሄዱ እህቴ ምን አለችኝ መሰለዎት? «አንተ ልጅ፣ በር የሚገዛ ሰው እኮ በሩን ይነካል። እነዚህ አንዱንም አልነኩም።»

ለካ የርስዎ ግብር ገማቾች ነበሩ። በቀን የአራት በር ግብር ጻፉልኝ፤ በላዩ ላይ የአሥራ አንድ ሠራተኛ የደመወዝ ግብር። ካርታ ተጫዋቾቹ እስከ ዛሬ ሳልፍ «አለቃ፣ ደመወዝ መቼ ነው?» ይሉኛል።

አራተኛ፣ ስለ ይግባኝ። ይግባኝ ለማለት ግማሹን አስቀድመህ ክፈል ተባልኩ። ግማሹ ቢኖረኝ ምን አስጮኸኝ? ደግሞም «አለመሥራትህን በማስረጃ አቅርብ» ተባልኩ። ያልሠራሁትን በር ተሸክሜ ልምጣ እንዴ?

ባለፈው ወር መጨረሻ ሱቁ ታሸገ። የላካችኋቸው ሁለት ጎረምሶች የማሸጊያውን ሽቦ ማሰር አቅቷቸው ሲንደፋደፉ አሳዘኑኝና፣ መቀርቀሪያው እንዴት እንደሚገጥም ያሳየኋቸው እኔው ነኝ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኛ! ማንም በጉልበት አይከፍተውም። መበየጃዬም፣ መቁረጫዬም፣ በጅምር የቀረ የደንበኛ በርም ውስጥ ናቸው። እንድከፍል መሥራት አለብኝ፣ እንድሠራ መክፈል አለብኝ። ይህን ያሰበ ሰው ደመወዝ ይጨመርለት።

እንመለስ እንዳንል የድሮ ሱቄን ሌላ ሰው ይዞታል። እህቴ የተከራየናት ክፍል መስኮት ሥር ቁጭ ብላ የሰው ሱሪ በመርፌ ታሳጥራለች፤ ዓይኗ እየደከመ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ነግሬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያነበው ይህን ደብዳቤ አንዱን በቢሮዎ በር፣ አንዱን በሱቄ እሽግ አጠገብ እለጥፈዋለሁ። በቀን አራት በር አልሠራም። አንድም አልሠራም። አንድ በር ሦስት ቀን ይፈጅብኛል፣ መብራት ከጠፋ አምስት። አሥራ አንድ ሠራተኛ የለኝም፤ ብረት የምትይዝልኝ አንዲት እህት ናት ያለችኝ። ይህን ከመጻፍ ጣቴን ብበይደው ይቀለኝ ነበር። ካላመኑኝ ሱቁን ይክፈቱልኝና ሰው ልከው ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ ይቁጠር። ለስላሳ ግን አልገዛም።

እንደማይከፍቱልኝ አውቃለሁ። ግን ሹፌሩ አርብ ወደ ድሮው ከተማ ይመለሳል፣ እህቴም ልብሷን ጠቅልላለች። የስፌት መኪናዋን የገዛችው ሴትዮ በቀን ክፍያ ልታሠራት ተስማምታለች፤ በገዛ መኪናዋ ላይ ተቀጥራ ልትሰፋ ነው። ላስቀራት ወይስ ልሸኛት፣ የማውቀው እርስዎ ሲመልሱልኝ ነው።

ጎንበስ ብሎ ከሚሰጥ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞው የበር ንጉሥ፣
የአሥራ አንድ ካርታ ተጫዋቾች አሠሪ፣
የመስኮት ቁጥር ሰባት ቋሚ ተሰላፊ

ማስታወሻ፦ የታፔላው ግብር ሱቁ ታሽጎም እየቆጠረ ነው። ላወርደው ነበር፣ ግን መሰላሉን አብራችሁ አሽጋችሁታል። የጭነት መኪናው አርብ ጠዋት ይነሳል። እስከ ሐሙስ ይመልሱልኝ።