ተራው የፍላተር ነው

ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለቻላቸው፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው እንጂ ድካሙስ አጥንቴ ድረስ ገብቷል። ቀን ሙሉ ስልክ መጠገኛው ውስጥ የተሰበረ ስክሪን ስቀይር እውልና ቤት ስገባ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ አቅም አጣለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትል። ስልክ ላይ አንተ ትቀድመኛለህ። ታወራለህ፣ ትስቃለህ፣ «ሠርኬ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» ትለኛለህ፣ እኔም እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ምን ብዬ እሺ እንዳልኩ የሚገባኝ ከዘጋሁት በኋላ ነው። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። ሹፌሩ ገደፋው መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፤ በእሱ እልክልሃለሁ።

ነገሩ ያው ለኅዳር ሚካኤል መልስ ስጪኝ ያልከኝ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የሞባይል መተግበሪያ በሪአክት ኔቲቭ የሚሠራ አንድ ሰው ሊጨምር ነው። «ፍላተርሽን ተይው፣ ሪአክቱን አጥብቀሽ ያዥና ነይ፣ አጠገቤ ትቀመጫለሽ» ብለኸኛል። አጠገብህ መቀመጥ ጠልቼ አይደለም። ኧረ እንዴት እጠላለሁ! አልጋው ሰፍቶኝ የለም እንዴ?

ግን ወንፈላችንን ረሳኸው ልበል? ከዩኒቨርሲቲ ስንወጣ ሁለታችንም ከፕሮግራም ቋንቋ ጃቫን ብቻ ነበር የያዝነው። ላፕቶፑ አንድ፣ እኛ ሁለት። ለስልክ መተግበሪያ መሥሪያ አንተ ሪአክት ኔቲቭ አልክ፣ እኔ ፍላተር አልኩ። ሁለቱንም ባንዴ እንዳንማር ኔትወርኩም መብራቱም አይችለንም። «በቃ እንደ አባቶቻችን ወንፈል እንግባ፤ መጀመሪያ የአንዳችንን፣ ከዚያ የሌላችንን አብረን እንማር» ያልከው አንተው ነህ። በወንፈል ቀድሞ የሚታጨደው ቀድሞ የደረሰው ማሳ ነው። ያንተ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበርና ያንተ ቀደመ። ፍላተሬን ዘግቼ ካንተ ጋር ሪአክት ላይ አጎነበስኩ። ለቅጥር ፈተናው ያቀረብከውን ሥራ ማን እንደሠራው ሁለታችንም እናውቃለን፤ አልዘረዝረውም። ተቀጠርክ፣ እልል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነው የእኔ ተራ የጠፋው።

ወንፈል በልቶ ያልመለሰ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚባል ታውቃለህ። በከርሞው አዝመራው ላይ ዝናብ መጣብኝ ብሎ ቢጮህ ማጭድ ይዞ የሚወጣለት የለም። አንተን እንዲያ አላልኩህም፣ ባሌ ነህ። ሌላ ሰው ብትሆን ግን እልህ ነበር።

ፍላተርን ሙጥኝ ያልኩት ለእልህ እንዳይመስልህ። ሪአክት ኔቲቭ አዲስ ሥራ በጀመርኩ ቁጥር ይህን አውርጂ፣ ያንን አውርጂ ይለኛል፤ ዳታው ደግሞ ግማሽ ላይ ጥሎኝ ይጠፋና እንደገና ሀ ብዬ እጀምራለሁ። ፍላተር አንዴ ከወረደልኝ አብዛኛው የሚያስፈልገኝ አብሮት አለ። ዳታ ጠፍቶ በከረመ ጊዜ እንኳ ስልኬን በገመድ ሰክቼ ሠርቼበታለሁ። ሥራ በየትኛው ይበዛል ብትለኝ፣ አዲስ አበባ ምናልባት ባንተው ይበዛ ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ገበያ እንደሆነ ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ ነው። እኔ ግን ሌላ ሰው በመረጠልኝ መንገድ እንደገና የምነሳበት ጉልበት የለኝም። ጃቫን ለፈተና ተማርኩ፣ ሪአክትን ላንተ ተማርኩ። እስቲ አንዱን እንኳ ለራሴ ልማር።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ዳታ በተመለሰ ቁጥር ቴሌግራሜን የሚሞላው «ይቺን ብቻ እይልኝ» የሚለው መልእክትህ ነው። ናፍቆቱ ከታች ነው የሚመጣው፣ እሱም ከመጣ። አጠገብህ ለምን እንደምፈለግ ገብቶኛል፣ ቻሌ። አላፍርብህም። ፈርተሃል። አለቃህ አንድ ቀን ብቻህን አስቀምጦ «እስቲ አሁን ሥራ» ይለኛል ብለህ ፈርተሃል። እኔ መጥቼ አጠገብህ ብቀመጥ ፍርሃቱ የትም አይሄድም፤ ወንበር ጨምረንለት አብረነው እንቀመጣለን እንጂ።

ስለዚህ አልመጣም። ቦታውን ለሌላ ይስጡት። ልትቆጣ ትችላለህ፤ ጭራሹን ልትተወኝም ትችላለህ፣ እሱንም አስቤዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁም። ካልተውከኝ ግን ለገና ና። እኔ ላፕቶፑ ላይ ስቀመጥ አንተ ወጥ ትሠራለህ። ወንፈል እንዲያም ይመለሳል።

እሑድ ቡሬ ሄጄ እናታችንን አየኋቸው። በርበሬ አስጥተው ሲያገላብጡ ነው የደረስኩት። ጉልበታቸውን ትንሽ ያዝ ያደርጋቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ለብቻ ጠጋ አሉኝና «የኔ ልጅ፣ እንዲያው ያ ልጅ ሥራውን ይችለዋል? ድምፁ ፈራ ፈራ ይልብኛል» አሉኝ። እኔ ስንት ወር የፈጀብኝን እሳቸው ከድምፅህ ለዩት። «ኧረ ይችለዋል እማማ! ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ማንም አያግዘውም» አልኳቸው። ምርቃቱን አዘነቡልህ፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ያንን «እይልኝ» ብለህ የላክህልኝን ሥራ አይቼዋለሁ። ስህተቱ መግቢያው ገጽ ላይ ነው፤ መረጃው ሳይደርስ ገጹ ቀድሞ ይከፈትብሃል። አላረምኩትም። አላርመውምም። ቁጭ በልና ራስህ አርመው፣ ትችላለህ። እናትህን ዋሽቻቸዋለሁ፤ ውሸቴን እውነት አድርግልኝ።

ሚካኤል በክንፉ ይከልልህ፤ እጅህን ይባርክልህ።

የደከማት ሚስትህ
ሠርክአዲስ