ላሞች የላሱት መኪና

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ሶረቲ፣

እማዬ፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ። እንዴት ነሽ? ያ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ብርዱንስ እንዴት ቻልሽው? እዚያ ጀርመን ሰው ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቦ ይውላል አሉ። አንቺ ደግሞ አምቦ እያለሽ እንኳ በጥቅምት ኩርምት ብለሽ ጋቢ ስትጎትቺ ስለማውቅ፣ ባሰብኩሽ ቁጥር እኔን ይበርደኛል። እህቴ አያንቱ ደህና ናት? እንቅልፍስ አገኘች? ባሏ ገለታስ ሥራው እንዴት ነው? ያ ቶሌራ የሚባል ጌታ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ነው ሰው የሚነክሰው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ከናፍቆትሽና አሁን ከማወራሽ ጉድ በቀር የጎደለብን የለም።

ይህን ሁሉ በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባባ ስልኩን በላውድ አድርጎ አጠገቤ ይቀመጣል፤ እኔም "ሁሉ ሰላም ነው" እያልኩ እዘጋለሁ። አሁን ያቺ መዘምራን ውስጥ የነበረችው ፋንቱ ለትምህርት ወደዚያው ወደ ጀርመን ስለምትመጣ በእሷ ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቶሌራን ታቅፈሽ ግን አታንብቢው፣ በሳቅ ትጥይዋለሽ።

በመስከረም ደውለሽ አያንቱ ሥራ ልትመለስ ስለሆነ ቪዛሽ ለአንድ ዓመት ሊታደስ ይችላል ብለሽን ነበር። አባባ "ደግ ነው፣ የልጅ ልጅ ይቀድማል" ብሎ መለሰልሽ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እራቱን አልበላም። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣና መኪና እየነዳ ተመለሰ። አዎ እማዬ፣ መኪና! አንቺ ወደ ጀርመን ሄድሽ፣ የጀርመን መኪና ደግሞ ወደ አምቦ መጣ። በምን እንደገዛው እሱ ራሱ ይንገርሽ፤ እኔ በባልና ሚስት መሀል አልገባም። ለምን ገዛህ ብለው "ጡረታ የወጣ ሰው መኪና አይገዛም የሚል ሕግ አለ?" አለኝ። የስተርጅና ቅብጠት ነው ብዬ ተውኩት።

ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ከውስጡ ሚኒስትር የሚወርድ ይመስላል። የጎረቤት ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ኦቦ ጉዩ ሁለት ጊዜ ዞሩትና ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው "ያ ረጋሳ፣ አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ ከሁለቱ በሬዎቼ ይረዝማል" አሉት። አባባም የዚያን ቀን ደረቱ ተነፍቶ ዋለ። ለካስ መኪናውን የገዛው ዝናብ እየዘነበ ነው። ዝናብ የመታው መኪና ሁሉ አዲስ ነው፤ ያንጸባርቃል፣ ጭረቱም አይታይም። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ነው። በማግስቱ የአምቦ ፀሐይ ስትወጣበት ጣሪያው አመድማ፣ የሞተሩ ክዳን እንደ ቆሰለ ቆዳ የተላላጠ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ከፊት በር እስከ ኋላ በር ሰው በሚስማር የጻፈበት የሚመስል ጭረት ያለው ሆነ። አባባ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየውና በባልዲ ውሃ ደፋበት። ወዲያው አዲስ ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባልዲው ከእጁ አልወረደም።

የቀረው አመሉም ቀስ በቀስ ወጣ። የሾፌሩ ወንበር ራሱን በራሱ ይሞቃል። ለእናንተ አገር ብርድ ታስቦ የተሠራ ነው አሉ፤ ግን ማጥፊያው አይሠራም። አባባ ጉደር ደርሶ ሲመለስ ሱሪው ከኋላ በላብ ርሶ፣ ሰው እንዳያይበት ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ በጎን በጎን እየተራመደ ቤት ገባ። የግራው መስኮት ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ፊት ለፊት ደግሞ አንዲት ቀይ መብራት ሁልጊዜ ትበራለች። ምን እንደሆነች የሚነግረው ሰው ሲያጣ ከእኔ ጤና ጣቢያ ፕላስተር አስመጥቶ ለጠፈባት። አሁን ድናለች ይላል።

ከሁሉ የባሰችው ሴትዮዋ ናት። መኪናው ውስጥ በጀርመንኛ የምትናገር ድምፅ አለች። ቀበቶ ካልታሰረ ትናገራለች፣ በር በደንብ ካልተዘጋ ትናገራለች፣ መንገድ ሳታ ይሁን አውቃ ባናውቅም በየመታጠፊያው ትናገራለች። አባባ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ኋላ ግን ለመዳት። "እሺ፣ እሺ፣ ሰማሁ እኮ" እያለ ይመልስላታል። መስኮቱ አይዘጋ፣ ንግግራቸው ሁሉ ለመንገደኛ ይሰማል። ታዲያ ኦቦ ረጋሳ ሚስቱን ሸኝቶ ፈረንጅ ሴት በመኪና ያንሸራሽራል የሚል ወሬ ከገበያው ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያናችን ደረሰ። የወንጌላዊው ሚስት ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ፣ እጄን ይዛ፣ "ልዩዬ፣ እንጸልይ" አለችኝ። ወሬው እዚያም ደርሶሽ ከሆነ እውነቱ ይኸው ነው፤ ሴትዮዋ ድምፅ ብቻ ናት፣ የምትለውም አንዱ አይገባውም።

አባባ ቀለሙን ሊያስቀባው ወደ እንግዳወርቅ ወሰደው። ቀለም የሚረጭበት ቦታው ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው። መጀመሪያ አንድ በር እንሞክር ተባለ። እኛ ጥቁር ሁሉ አንድ መስሎን ነበር፤ ለካ ጥቁርም ዓይነት ዓይነት አለው። የተቀባው በር ፀሐይ ላይ ሲወጣ ወይን ጠጅ ሆኖ አረፈው። ቀለሙ ሳይደርቅ ደግሞ ወፍጮው ተነሥቶ የጤፍ ዱቄቱን አለበሰው፤ ስትዳስሺው እንደ ቂጣ ይሻክራል። እንግዳወርቅ ራሱን አከከና "ኦቦ ረጋሳ፣ እስቲ ራቅ ብለው ይዩት" አለው። አባባም "ራቅ ብለው ካዩትማ ያልተቀባውስ ምን ሆነ?" ብሎ መኪናውን ይዞ ተመለሰ።

ያኔ ነው ኦቦ ጉዩ መድኃኒት ያዘዙለት። "ሆራ ከብት ያወፍራል፣ የሰው ሆድ ያጥባል፣ ለመኪና ምን ይሳነዋል?" አሉት። አባባም ያን ሁሉ ዘመን ኬሚስትሪ አስተምሮ "በሳይንስም ያስኬዳል" አላቸው። በጀሪካን ከምንጩ እያስቀዳ በየማለዳው መኪናውን በጨዋማው የሆራ ውሃ ያጥብ ጀመር። እርጥብ ሳለ እውነትም ያምራል፤ አባባ ኮሌታውን ሰብሰብ አድርጎ መልኩን ያይበታል። ሲደርቅ ግን የሆራው ጨው ነጭ ሆኖ ይቀርበታል። ነጩን ለማስለቀቅ ደግሞ ሌላ ሆራ ይደፋበታል። እንዲህ እየተደራረበ መኪናው በደህና ተቀመመ።

የኦቦ ጉዩ ላሞች ከግጦሽ ሲመለሱ በእኛ በር እንደሚያልፉ ታውቂያለሽ። አንድ ረቡዕ አባባ የግቢውን በር ሳይዘጋ ለጸሎት ሄደ። እኔ ከሥራ ስገባ ላሞቹ ልክ የሆራ ገንዳ ላይ እንደሚሰለፉት ሆነው መኪናውን ከበውታል። ይልሱታል እማዬ! ዓይናቸውን ጨፍነው ይልሱታል። አንዷ ጣሪያውን፣ አንዷ በሩን፤ ቡሬ የምትባለዋ ደግሞ በማይዘጋው መስኮት አንገቷን አስገብታ መሪውን ታጣጥማለች። አንዷ ቀንዷን ስታክበት ስፖኪዮው ተገንጥሎ ወደቀ። የላም ምላስ መቼስ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ያልተጫረው ቦታም ተጫረ። አባባ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው የግቢውን በር መዝጋት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

ከዚያ ነገሩ ከረረ። አባባ "ላሞችህ መኪናዬን አጠፉት" አለ፤ ኦቦ ጉዩ ደግሞ "መኪናህ ቡሬን መረዘብኝ፣ ወተቷ ነጠፈ" አሉ። ወተቷ የነጠፈው ከዚያ በፊት መሆኑን ባለቤታቸው ለእኔ በጆሮዬ ነግራኛለች፤ ዝም በይ። ከልጅነት ጀምሮ አብረው የኖሩ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። ኦቦ ጉዩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁልጊዜ ከአባባ ጎን የሚቀመጡበትን ትተው መጨረሻ ወንበር ላይ ሄዱ። መጨረሻው አላማረንምና ሽማግሌ ተጠራ።

ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ፤ የሚመሩት ኦቦ ዳዲ ናቸው። ከመቀመጣቸው በፊት ወጥተው መኪናውን አዩት። ኦቦ ዳዲ ጣታቸውን በሞተሩ ክዳን ላይ አሹና ቀመሱት። "ጨው ነው" ብለው ለሌሎቹም አቀመሱ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡና "ላም ሆራ ባገኘችበት ትልሳለች፣ ይህ ወንጀል አይደለም። ግን አንተ ረጋሳ፣ ገበያ አትሄድበት፣ ለሠርግ አታከራየው፣ በየማለዳው ታጥበዋለህ። ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። እንደ ሁልጊዜው በነገር ያመልጣል ብዬ ጠበቅሁ። ግን በሽማግሌ ፊት ተቀምጦ እውነት አይደበቅም። ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"ለሶረቲ ነው" አለ። ሲሸኝሽ በሚኒባስ እንደነበር፣ የታመመው ጉልበትሽ ከፊት ለፊቱ ወንበር ብረት ጋር እየተጋጨ እስከ አዲስ አበባ አንድ ቃል እንዳልተናገርሽ፣ ቦሌ ስትወርጂም እግርሽ አልዘረጋ ብሎ በክንድሽ ይዞሽ እንደቆመ ነገራቸው። "ስትመለስ እንዲያ ሆና እንዳትመጣ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ልትቆይ ትችላለች አሉኝ። የልጅ ልጅ ነውና ነይ የምልበት አፍ የለኝም። መኪናው ዝግጁ ሆኖ ከቆየ ግን የምትመጣ ይመስለኛል" አለ። እማዬ፣ እኔ እኮ ያን ሁሉ ቀን በባልዲው ስስቅበት ከረምኩ።

ኦቦ ጉዩ ተነሡና "ያ ረጋሳ፣ ለሚስትህ መሆኑን ብትነግረኝ እኮ እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ እጠብቅልህ ነበር" ብለው አቀፉት። ፍርዱም ቀላል ሆነ። ላሞቹ በታችኛው መንገድ ይመለሱ፣ መኪናው በቧንቧ ውሃ ይታጠብ ተባለ። በማግስቱ ኦቦ ጉዩ የሚላጩበትን መስታወት ይዘው መጡና በስፖኪዮው ቦታ በሽቦ አሰሩለት። አሁን አባባ ወደ ኋላ ሲመለከት የራሱን አገጭ ያያል። ኦቦ ዳዲ ደግሞ የፍርዱ ቀን ሲወጡ ወደ እኔ ዞረው "ለእናትሽ ጻፊላት፤ እሱ አይጠይቅም" አሉኝ። አባባ ሰምቶ ኖሮ "ጻፊ፣ ስለ ጭረቱ ግን አንድም ቃል እንዳይኖርበት" አለኝ። እንግዲህ ትእዛዙን እንዴት እንደጠበቅሁለት አየሽ።

አያንቱን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ አልተቀየምኳትም፣ እናት ለሁላችንም ታስፈልገናለች። ገለታን እግዚአብሔር ሥራውን ይባርክለት በዪው። ቶሌራን ሆዱ ላይ ሳሚልኝ። የወንጌላዊው ሚስት ሰላም ብላሻለች፤ እንግዳወርቅ በሩን በነጻ እደግመዋለሁ ብሏል፤ ኦቦ ጉዩ ከነባለቤታቸው ከነላሞቻቸው ሰላም ይሉሻል። አባባ "ደህና ነኝ በያት" አለኝ። ሌላ ካለ ንገረኝ ብለው "በቃ፣ ደህና ነኝ" አለ።

እማዬ፣ መቆየት ካለብሽ ቆዪ፤ አናኮርፍም። ግን አባባ ደህና አይደለም። ለፋሲካ መምጣት ከቻልሽ ነይ፤ ስትመጪም ጭረቱን አይተሽ እንዳላየሽ ሁኚ። ቦሌ ላይ በሩን ሲከፍትልሽ እሱ መኪናውን አያይም፤ ፊትሽን ነው የሚያየው።

የምትወድሽ ልጅሽ
ልዩ ረጋሳ
አምቦ፣ ጥር 2011 ዓ.ም.