የሥዕላችንን ጀርባ ላነበቡልን ዳይሬክተር

ይድረስ ለተከበሩ የኤግዚቢሽን አዳራሹ ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የበዛ፣ እንቅልፍዎ የጣፈጠ፣ ከደረጃው በላይ ያለው ቢሮዎም በሙቀት ቀዝቃዛ በብርድ ሞቃት እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ከዚህ ሁሉ አብልጬ ግን የዓይንዎን ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል፤ ከላይ የጀመሩትን ጽሑፍ እስከ ታች የማንበብ ልማድ ካለዎ ማለቴ ነው።

ደብዳቤውን በጋዜጣ በማውጣቴ ቅር እንዳይልዎ። መጀመሪያ የላክነው በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ነበር፤ ጸሐፊዎም በትሕትና «ገብቷል» ብላናለች። ወዴት እንደገባ ግን አልነገረችንም።

እኔ ከአዳራሽዎ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ባለችው ክፍል አብረን ከምንሠራው አምስት የጥበብ ሰዎች አንዷ ነኝ። ክፍላችን ጠባብ ናት፤ አንዱ ብሩሹን ሲያነሳ ሌላው ክርኑን ይሰበስባል። ነጭ ቀለም ሲያልቅ የሁላችንም ያልቃል፤ ጉንፋንም አንዱ ካመጣው ለሁላችን ይበቃል። ከመስኮታችን የእርስዎ ደረጃዎች ጥርት ብለው ይታያሉ። ከእርስዎ መስኮት እኛ መታየታችንን ግን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት ስለ አንድ ልማዳችን መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ግማሹን አውቀው ግማሹን ባለማወቅዎ ነውና።

በክፍላችን ለኤግዚቢሽን ያልደረሰ ሥራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ቅዳሜ ጠዋት በየተራ እናዞራለን። ባለቤቱ መስኮቱ ጋ ሄዶ አፉን ይዘጋል፤ ሌሎቻችን እናያለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ሥዕልም ለሠራው ሰው ባዳ ነው፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ዓይን እንዋሳለን። ያየነውን ግን በአፍ አንናገርም፤ ፊት ለፊት ሲሆን ሰው ወይ ያባብላል ወይ ይጣላል። ከሰል እናነሳና ከሸራው ጀርባ እንጽፋለን። ባለቤቱ ደግሞ ተናዶ፣ አድሮ፣ አስቦ ከሥሩ መልሱን ይጽፋል። መልስ ያልተጻፈበት ሥራ ከክፍሉ አይወጣም። ሕጋችን ይኸው ብቻ ነው።

ጽሑፉ ደግሞ ለስላሳ አይደለም። መካከላችን አፉ የማይዘጋ አንድ ቀራፂ አለ፤ ስለዚህ «ዝምታው» እንለዋለን። ትምህርት ቤት ሥዕል የምታስተምረው ጓደኛችን የሳለችውን የአንድ ሽማግሌ እጅ አይቶ «እጁ አርፏል፤ ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈባት። መምህርቷ አኩርፋ ሰነበተች፤ ከዚያ እጁን እንደ አዲስ ሠራችውና ከሥሩ «ተነሥቷል፤ ቢያገኝህ በጥፊ ይልሃል» ብላ መለሰች። በእኔ ሥራ ላይ «እህቴ፣ ይህን ሰማይ ከማን ተከራየሽው?» የሚል አለ። አናጢው፣ ፍሬማችንን ሁሉ የሚሠራልን አባላችን፣ የጻፈው ነው። የመለስኩለትን እዚህ አልደግመውም፤ ጋዜጣ ነው።

አሁን ስለ ጋሼ። አምስተኛችን፣ የሁላችንንም እጅ ያቀኑ ታላቃችን ናቸው። ዓይናቸው ታሟል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን «መሐሉን አይጥ በላው» ነው የሚሉት። የሚያዩት ነገር ሁሉ መሐሉ ላይ ግራጫ ሆኖ ዳር ዳሩ ብቻ ይቀራል። እኛን የሚለዩን በጆሯችን፣ በትከሻችንና በጸጉራችን ነው። ሻይ ሲቀዱ የሚያዩት ብርጭቆውን ሳይሆን ከብርጭቆው ጎን ያለውን ግድግዳ ነው።

ትልቁ ሸራቸው አምስታችን የምንቀመጥበትን ጠረጴዛ ያሳያል። ክርኖች። የወንበር መደገፊያዎች። የተላጠው የጠረጴዛ ጠርዝ፣ የመምህርቷ የጆሮ ጌጥ፣ የአናጢው እርሳስ ከጆሮው ጀርባ፣ የእኔ የተበላ ጥፍር። ሁሉም እንዳለ አለ። መሐሉ፣ ፊቶቻችን ሊኖሩበት የሚገባው ቦታ፣ ቀለም ያልነካው ሸራ ነው። መጀመሪያ የዞረልን ቅዳሜ ከሰል ያነሳው ዝምታው ብቻ ነበር።

ጋሼ ይህን ሥዕል ሙሉውን አይተውት አያውቁም። በቀረላቸው የዓይን ጠርዝ ትልቅ ነገር ለማየት ርቀው መቆምና በጎን መመልከት አለባቸው፤ ክፍላችን ደግሞ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ አታስኬድም። የአዳራሽዎን ትልቁን ግድግዳ የፈለግነው ለዝና አልነበረም። ለርቀት ነበር። ጠርዙም እየተበላ ነው። የሚቀጥለው ኤግዚቢሽን እስኪደርስ ይቆይላቸው እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅ።

ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ የሥዕሉን ጀርባ ስላነበቡልን። ተመልካች ሁሉ ፊቱን ብቻ አይቶ ይሄዳል፤ የእርስዎ መራጭ ኮሚቴ ግን ፊቱን ብዙም ሳያስቸግር በቀጥታ ወደ ጀርባው አልፎ፣ ዝምታው የጻፈውን «ጋሼ፣ መሐሉ ባዶ ነው» የሚል ቃል አገኘ። እርስዎም ይህንኑ ይዘው «የቡድኑ አባላት ራሳቸው በጽሑፍ እንዳረጋገጡት ሥራው ያልተጠናቀቀ በመሆኑ» በማለት ከአምስታችን የእሳቸውን ብቻ መለሱ። የቤት ውስጥ ተግሣጽ እንደ ምስክር ቃል ሲመዘገብ በእድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከእንግዲህ እናት ልጇን «አንተ ሰነፍ» ከማለቷ በፊት ዙሪያዋን መቃኘት ይኖርባታል።

ሁለተኛ፣ ሠራተኞችዎ ሥዕሎቹን ሲረከቡ በየጀርባቸው ስለለጠፉት የመለያ ወረቀት። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ እጃቸው ይባረክ። ከዝምታው ጽሑፍ ሥር ጋሼ የመለሱት መልስ ነበረ፤ ወረቀቱም ልክ እሱ ላይ አረፈ። ኮሚቴዎ ጥያቄውን አንብቦ መልሱን ሳያይ ፈረደ። አላየንም ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፣ አላያችሁም። ይህን እኮ ነው የምለው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምክርዎ። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ፣ አባላቱ አንዳቸው የሌላውን ሥራ የማገዝ ልምድ ስላላቸው ክፍት የቀረውን ቦታ ከመካከላቸው አንዱ ቢሞላው ኮሚቴው ጉዳዩን እንደገና ሊመለከተው እንደሚችል በደግነት ገልጸዋል። ምክርዎ ክፍላችን ሲደርስ ምን እንዳደረገ ልንገርዎ። እዚህ ላይ ዓረፍተ ነገሬ ያጥራል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሸራው ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። መምህርቷ ደብዳቤዎን ለጋሼ አነበበችላቸው፤ ለተማሪ እንደምታነበው፣ ድምጿን ሳታዛባ። ታች ጎማ ጠጋኙ በመዶሻ ይመታል።

«ሙሉታ» አሉ ጋሼ። «ፊት አይደል የጎደለው? እኔ እንደሁ ብትሞሉትም አላየው። ግድግዳው ላይ ይውጣልኝ እንጂ ጠርዙ ይበቃኛል።»

ከእኛ ውስጥ ፊት መሥራት የሚሆንለት ዝምታው ነው። ብሩሽ አነሳ። «እሺ ጋሼ፣ የማንን ፊት ላስቀድም?»

«የራስህን። ሳይጠሩህ የምትቀድም አንተ አይደለህ?»

ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ብሩሹ ቀለም ነካ። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ተው ልለው ፈልጌ ነበር። ደግሞ እንዲሞላው ፈልጌ ነበር፤ ጋሼ ግድግዳውን እንዲያገኙ። ሁለቱም እውነት ነው፣ እስካሁንም ሁለቱ ውስጤ አልታረቁም። ብሩሹ ሸራው ጫፍ ደረሰና ቆመ።

«ጋሼ፣ ፊት መሥራት አላቅተኝም፤ ያውቁኛል። እዚህ ቦታ ላይ ግን ፊት አይታየኝም።»

«ምነው ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «አንተም ታመምክብኝ እንዴ?»

ዝምታው ብሩሹን አጠበ። ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ስሙ ለአንድ ቀን ሰመረለት።

አራተኛ፣ በጋሼ ቦታ ሊያቆሙት ስላሰቡት የፕላስቲክ ተክል። ሠራተኞችዎ ሲያስገቡት ከመስኮታችን አይተናል። ውኃ አይጠይቅም፣ አያረጅም፣ ጀርባና ፊትም የለውም። ከእኛ ይልቅ ለአዳራሽዎ እጅግ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አምስተኛም ነበረኝ። ተውኩት።

እንግዲህ በታላቅ አክብሮት የምናሳውቀው ይህ ነው። የቀሩትን አራት ሥራዎች ዛሬ ጠዋት አውጥተናል፤ ዘበኛዎ በሩን ይዞልናል፣ እግዜር ይስጠው። መሐሉን አንሞላም። አንድ ፊት አንጨምርም፤ አንዲት ነጥብ እንኳ፣ ወይ ፍንክች! ባዶ ያሉት ቦታ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጥነው ሁሉ ይልቅ እውነት የሚናገር እሱ ነው።

አዳራሽዎ በሚከፈትበት ቀን የጋሼን ሸራ ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣ መስኮታችንን እንዲሸፍን ከውጭ እንሰቅለዋለን። አናጢው ማንጠልጠያውን ጨርሷል፤ ገመዱን ጎማ ጠጋኙ አውሶናል። እሱን ያሳሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰው የጎማ ማስታወቂያ መስሎት እንዳይሰለፍብኝ።» የሥዕሉ ፊት ወደ መንገዱ ይሆናል፤ ጀርባው በተከፈተው መስኮት ወደ ክፍላችን። ጀርባ ማንበብ የሚወድ ሰው ደረጃችንን ወጥቶ ማንበብ ይችላል። የለጠፉትን ወረቀት አልላጥነውም፤ እሱም አሁን የሥራው አካል ነው። ጋሼ መልሳቸውን ከጎኑ በድጋሚ ጽፈዋል፤ መስመሩ ወደ ላይ ሽቅብ ሄዷል፣ ይነበባል ግን፦

«አዎ ልጄ። የማያችሁ እንዲህ ነው። ጠርዛችሁን ግን አንድ ሳላስቀር ይዣለሁ።»

እፈራለሁ፣ አልደብቅዎትም። ዝናብ እፈራለሁ። ነፋስ እፈራለሁ። መንገደኛው ቀና ብሎ ሳያይ ማለፉን እፈራለሁ። የጋሼ የዓይን ጠርዝ እስከዚያ ቀን አለመጠበቁን፣ እሱን ከሁሉ በላይ እፈራለሁ። ይህን ሁሉ እየፈራሁ ገመዱን እየቋጠርኩ ነው።

ግድግዳዎን አጥተናል። አስፋልቱ ግን የማንም አይደለም፣ ሰፊም ነው፤ ከመስኮታችን እስከ ደረጃዎ አናት ያለው ርቀት ከአዳራሽዎ ውስጥ ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ ቀን እንግዶችዎ ሲወጡ፣ በደረጃዎ አናት ላይ ጀርባቸውን ለበርዎ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ያገኛሉ። ከጎናቸው አራት ሰዎች ይኖራሉ። ለመግባት የተሰለፍን አይደለንምና ዘበኛዎ ወደ ውስጥ እለፉ እንዳይለን። ሽማግሌውንም ማንም እንዳያናግራቸው።

ሥዕል እያዩ ነው።

በመሐሉ ምንም፣ በዳር በዳሩ ግን ብዙ የሰፈረበትን የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለአዳራሽዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሙጫዎም ዘላቂ ጥንካሬ በመመኘት፣

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣
በሥዕሉ ላይ በጥፍሯ የምትታወቀው ሠዓሊ

ተጨማሪ፦ ከወንበርዎ ኋላ የተሰቀለው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእነዚህ ጎረቤቶቻችን ሥራ ነው» እያሉ በኩራት የሚያሳዩት ሰማያዊ ሥዕል የእኔ ነው። ጀርባ ማንበብ እንደሚወዱ አሁን ስላወቅሁ፣ ሲመችዎ አውርደው ያዙሩት። ዝምታው «ይህ ሥዕል ምንም አይልም፤ ማንንም አያስከፋም» ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩ ያለው መልስ የእኔ ነው፦ «ገብቶኛል። ለቢሮ ይሆናል።»