ወንጌላዊት ትሩጥ ተባለች

ወዳጄ ፈጠነ፣ ከነቤተሰብህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ጎንደር ደኅና ገብተናል። ልጄ ወንጌላዊት ዛሬ ልቧን በአልትራሳውንድ ታየች። ሐኪሟ ደረቷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታስኬድበት፣ የልጄ ደም ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ይራወጥ ጀመር። ደነገጥሁ።

«መጥፎው ሰማያዊው ነው?» አልኋት።

«አይደለም። ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣ ደም ነው፣ ሰማያዊው የሚርቅ። የልቧ ቀዳዳ ያለው ይኸ ቀለሙ የተዘበራረቀው ጋ ነው፤ ስትወለድም ነበረ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ትንሽ ስለሆነ በራሱ ሊደፈን ይችላል። ባይደፈንም ብዙ ደም አያሳልፍም። እንደ እኩዮቿ ትሩጥ፤ በዓመቱ ያምጧት።»

ግራ ገባኝ። ልቧ ቀዳዳ አለው ትለኛለች፣ መልሳ ትሩጥ ትለኛለች። እኛ አገር መካነ ብርሃን ሰፈሩ ሁሉ ልቧ ደካማ ነው ብሎ «አትሩጪ» እያላት፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አዝዬ ነው የማደርሳት። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን?

ስንወጣ አራዳ ገበያው ጋ እጄን ለቃ ዳገቱን ሽቅብ ሮጠች። «ተይ!» ልል ስል የሐኪሟ ቃል ትዝ አለኝና ባለሁበት ቆምሁ። እላይ ደርሳ ዞር አለችና «አባ፣ ምነው ቆምህ?» አለችኝ።

ለእናቷ ለሐመልማል በስልክ ብነግራት ታለቅሳለች ብዬ ይችን ፖስት ካርድ ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር ላክሁልህ። አንተው ቀስ ብለህ ንገራት። መጻፊያ ቦታው አለቀብኝ፤ አያ ህሩይን ሰላም በልልኝ። ሸጋ ወሬ ይመስለኛል፣ አይደለም እንዴ?

ማናዬ