ስለ እግሮቼ ያልነገርኩዎት

ናዝሬት፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእናቴ፣ ይህን ወረቀት ማንም ሳያነብልዎት ራስዎ ለሚያነቡት፤

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ስንዴው ዘንድሮ እንዴት ይዟል? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። «ደህና ነኝ» የምትለውን ቃል ግን ዛሬ አልጽፋትም። ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

በአጎቴ ልጅ በነጋሳ እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ አላወቅኩትም ነበር። ነጋሳ መሠረተ ትምህርት ጨርሰው የምስክር ወረቀት መቀበልዎን፣ ደብዳቤውንም ራስዎ መጻፍዎን ሲነግረኝ መቀሴን አስቀመጥኩ። «ዝ»ን ወደ ኋላ አዙረዋታል እንጂ ሁሉም ይነበባል። ሚስቴ ጉዲቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ እርስዎ ስለ እሷ የጻፉትንም ጭምር።

እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ለአባትህ ቀብር ያልመጣኸው ሚስትህ ከልክላህ ነው ወይስ መጠጡ ነው? ኅዳር ላይ ሁለት ሽማግሌ ይዤ መጥቼ እጠይቃታለሁ።»

እናቴ፣ በሽማግሌ የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚያነብልዎት ጎረቤት ነበር፤ እኔ የጻፍኩትን የአገራችን የደራ ሰው ሁሉ ማታውኑ ይሰማው ነበር። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» እያልኩ ዋሸሁ። አሁን ወረቀቱ በእርስዎና በእኔ መካከል ብቻ ነው። ፊደሉንም እንዲቀልልዎት አተለቅኩት።

ታምሜያለሁ። የጀመረኝ በ1973 ነው። መጀመሪያ አንድ ዓይኔ ወር ያህል ጭጋግ ለበሰና ተመለሰ። በዓመቱ እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ ጣቶቼ። አንድ ቀን ነጭ የሙሽራ ልብስ ስሰፋ ጨርቁ ላይ ደም አየሁና ከየት መጣ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። መርፌው ጣቴ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አልተሰማኝም።

ስለ መጠጡም ልንገርዎ። አንድ እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር ስናሰማ እግሬ ከዳኝና ፊት ለፊቴ ያለው አግዳሚ ላይ ወደቅኩ። ሊቀ መንበሩ «ጓድ ሰንበታ፣ ገና በጠዋቱ?» አለኝ፤ አዳራሹ ሳቀ።  በሽተኛ ከመባል ሰካራም መባል የቀለለኝ ቀን ነበር። ወሬው ደራ የደረሰው ከዚያ ነው። ጠላ እንኳ ከቀመስኩ አራት ዓመቴ ነው።

አባባ ግን ወሬውን ሰምተው ዝም አላሉም። በ1976 ጥር ላይ እህል ልሸጥ ብለው ወደ ናዝሬት የመጡት፣ እኔን ሊያዩ ነበር። በግድግዳ ተደግፌ ስሄድ አዩኝ። በማግስቱ ሶደሬ ፍል ውሃ ወሰዱኝ፤ ሽባ ያስነሳል ይባል የለ? ውሃው ውስጥ እስከ ደረቴ ገባሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ ፈዘዘ፤ ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆነ። ልውጣ ብል እግሬ የለም። ሰዎች ሊያነሱኝ ሲመጡ አባባ አልፈቀዱም። ልብሳቸውን እንደለበሱ ውሃው ውስጥ ገብተው ቁጢጥ አሉና «ኮቱ፣ ና ጀርባዬ ላይ ውጣ» አሉኝ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው በአባቱ ጀርባ ታዝሎ ዳገቱን ወጣ። ጥላ ሥር አስቀምጠው ነጠላቸውን በቀዝቃዛ ውሃ እየነከሩ አለበሱኝ። ወደ ማታ ላይ እግሬ ቀስ እያለ ተመለሰ። ያኔ አለቀሱ።

አባባ ያን ሰሞን ጀርባዬን አመመኝ ብለው ሲመለሱ ጆንያ ሳወርድ ነው ብለውዎት ነበር አይደል? እርስዎ ሦስት ቀን በቅቤ እያሿቸው፣ በዚህ ዕድሜህ ጆንያ ምን አሸከመህ ብለው እንደተቆጧቸው በኋላ እሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል። ጆንያው እኔ ነበርኩ። እናቴ ካወቁ በሬውን ሸጠው በየጠበሉ ሲዞሩ ያልቃሉ ብዬ ዝም እንዲሉ ያስማልኳቸውም እኔው ነኝ።

አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ የወሰዱኝም እሳቸው ናቸው። በሽታው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይባላል። ስሙን መያዝ አይጠበቅብዎትም፤ እኔም ለመልመድ ወር ፈጅቶብኛል። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው፤ የእኔን ልባስ የገዛ ሰውነቴ እየላጠው ነው አለኝ ሐኪሙ። እኔ በሙያዬ ስረዳው ገበሩ የተበላ ኮት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ሙቀት ያባብሰዋል፤ ለዚህ ነው ሶደሬ የጣለኝ። ድግምት አይደለም፤ የሰው እጅም የለበትም።

አሁን እንዴት እንደምኖር ልንገርዎ፤ እንዳያስቡ ነው። ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ፤ አየሩ ሳይሞቅ እስከ አራት ሰዓት እሠራለሁ። የናዝሬት ፀሐይ ከበረታች ሲሚንቶው ላይ እርጥብ ነጠላ ለብሼ እተኛለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ እነሳለሁ። የስፌት መኪናውን በእግር መርገጥ ሲያቅተኝ የወንጂው ጂብሪል፣ መካኒኩ፣ በእጅ የሚዞር እጀታ ገጠመልኝ። ስምንት ወር በእሱ ሠራሁ። ግራ እጄ ሲደክም ስፌቱን ለጉዲቱ አስረከብኩና እኔ ቆራጭ ሆንኩ። ጠረጴዛውን እግሩን አሳጥረን ተቀምጬ እቆርጣለሁ። ልክ የምትወስደው እሷ ናት፤ እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሴት ደንበኛ እንዴት እንደበዛልን! በከሰል ካውያ እጄን አቃጥዬ ሽታው ነው የነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ ካውያ አልነካም። ሽንቴም ጊዜ አይሰጠኝምና ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ገመድ ዘርግተናል፤ እሱን ይዤ እሄዳለሁ። ጉዲቱ ልብስ ታሰጣበትና እጣላታለሁ። ባለፈው ከእርጥብ አንሶላ ማዶ ቆሜ ስጮህ ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን የከበደኝ ላይ ደረስኩ።

ግንቦት ላይ አባባ ሲያርፉ ሁለቱም እግሮቼ ሙሉ በሙሉ ከድተውኝ ነበር። ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ነበርኩ፤ የምትገለብጠኝ ጉዲቱ ነበረች። መርዶው ሲመጣ ጎረቤት አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና በእኔ ፈንታ ለቅሶ ሄደች። የወታደር ልብስ ሊሰፋ መንግሥት ሐረር ወስዶታል በይ ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ እርስዎ በሰው ፊት «ባሌን አፈር ቀበረው፤ ልጄን ደግሞ አንቺ በቁሙ ቀበርሽብኝ» አሏት። እሷም እዚያው ሦስት ቀን ውሃ ስትቀዳ ሰንብታ መጣች። እንዴት ናቸው ስላት «ከስተዋል፤ ግን ደህና ናቸው» ብቻ አለችኝ። ያሏትን የነገረኝ ነጋሳ ነው፤ እሷ እስከ ዛሬ አላነሳችውም። እኔም ሰምቻለሁ አላልኳትም።

እናቴ፣ የበደለችዎት እሷ አይደለችም። ይቅርታ የምለምነው እኔ ነኝ፤ ስለ አባባ ቀብርም፣ ስለ እሷም።

ይህን አራት ቀን ጠዋት ጠዋት ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉ እየተንጋደደ የሄደው ለዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ ይቅሩ። ብቻዎን ይምጡ፤ ቶሎም ይምጡ። ሐኪሙ ያን ጊዜ አዲስ አበባ አብራን የሄደችውን ጉዲቱን ውጭ አስቀምጦ ለአባባና ለእኔ ስለ ቀሪ ዕድሜዬ የነገረን ሌላ ነገርም ነበር። አባባ ይዘውት ሄዱ፤ እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ይዤው ኖርኩ። እሱን በወረቀት አልጽፍም። ለእሷም ገና አልነገርኳትም። የምነግራት ቀን አጠገቧ እናት ብትኖር እወዳለሁ።

ዓይንዎን ያጽናልኝ፤ ያነበቡት ሁሉ የደስታ ወሬ ይሁንልዎት፤ ቤትዎን ሰላም አይለየው። ከደራ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይሳፈሩ። ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ከደረሱ፣ በሩን የምከፍትልዎት እኔ ነኝ።

ልጅዎ